«የሚቃወም አለ?» ሲባል የተነሣው ባለቤቴ

ባለቤቴ አንጁሎና እኔ መጨረሻ አብረን የሠራነው ሥራ ቦዬ የሚባለውን የተቀቀለ ሥር መላጥ ነበር። ትኩስ ነውና ጣታችንን እየነፋን እንልጣለን። ማባያው ዳጣ ነጭ ሽንኩርት በዝቶበታል አልኩት፤ አልበዛም አለኝ። በዛ፣ አልበዛም ስንባባል ቦዬው ቀዘቀዘ። እሱ ክርክር ይወዳል። ዝም ያልኩ ቀን «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» ይለኝ ነበር።

ከምሳ በኋላ አለቃችን ፊታውራሪው ሰበሰቡን። ጣሊያን ወደ ሶዶ ቀርቧል፤ እኛ አባቶቻችን ከሰሜን የመጡ ቤተሰቦች ወደ ኬንያ እንሽሽ ተባለ። ስንቁም በየመንገዱ የሚገኘው የገበሬ ከብት ነው።

«የሚቃወም አለ?» አሉ ፊታውራሪው።

እኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ የስብሰባ መዝጊያ ነው፤ ነጠላን አራግፎ መነሣት ብቻ ይቀራል። አንጁሎ ግን የወላይታ ልጅ ነው፤ ያደገው አገሬው በሚመክርበት ሜዳ፣ በዱቡሻ ነው። እዚያ እንዲህ ከተጠየቀ የሚቃወመው ይጠበቃል። የሚነወረው ሐሳቡን ውጦ ወደ ቤቱ የሚሄደው ነው።

«እኔ አለሁ፣ ጌታዬ» ብሎ ተነሣ። ሰዉ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

«ገበሬውን አስቀድመን እንጠይቀው። ከብቱን ከነዳንበት መንገድ ይዘጋብናል።»

«አንተ የማን አሽከር ነህ?»

«የእርስዎ አስተርጓሚ ነኝ። ስላልተስማማሁ ጠላት ሆንኩ?»

«ባንዳ!» አለ አንዱ ከኋላ። ከዚያ ሁሉም አለ፤ አብረውን ሰንበቴ የሚጠጡት ጭምር። ደበደቡት። ጮህኩ፤ የሰማኝ የለም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከሶዶ ስንወጣ እጁ ታስሮ ነበር። ከሁምቦ ቁልቁለት በታች በድብደባው ቁስል ሞተ። አብረውን የሚሰደዱት ቄስ «ለባንዳ አልፈታም» አሉ፤ ያለ ፍትሐት ከመንገድ ዳር ቀበርነው።

ሶዶ የቀራችሁ፣ ገበሬው መንገድ ዘጋ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አንድ ቦታ ዘጋ፣ ሌላ ቦታ ውሃ እያጠጣ አሳለፈን። ይህን የምጽፍላችሁ እሱ ልክ ነበር ለማለት አይደለም። ቢሳሳትስ፣ ተሳስተሃል ይባላል እንጂ ይገደላል?

ኬንያ ስንደርስ እንግሊዞች ካምፕ አስገቡን። ምግቡ ፖሾ ይባላል፤ ቅቤ የማያውቅ የበቆሎ ገንፎ ነው። ምድሩ ጠፍጣፋ፣ ንፋሱ አሸዋ፤ እንደ ሶዶው ዳሞት ቀና ብለው የሚያዩት ተራራ የለውም። ስደተኛ የሚመዘግብ አንድ እንግሊዝ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«ባልዎ ከየትኛው ወገን ነበር?»

«ከእኛ።»

«ማን ገደለው?»

«እኛ።»

አስተርጓሚው አፍጥጦ አየኝ። «እሜቴ፣ ጣሊያን ይበሉ እንጂ! ይኸ ሰውዬ ምሳው ደርሷል።»

«ጣሊያን አልገደለውማ።»

ምን ብሎ እንደተረጎመው እንጃ። እንግሊዙ «ሶሪ» አለና ብርድ ልብስ አሰጠኝ።

ቄሱም እዚሁ ካምፕ ናቸው። «አባ፣ ስሙን በጸሎት ያንሡልኝ» ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

«ፊታውራሪው ይፍቀዱ፣ ልጄ።»

ሄድኩ። «ጌታዬ፣ ስለ ባሌ በሽማግሌ ፊት ልናገር» አልኳቸው።

«ያ ነገር ተዘግቷል።»

«መቼ ተከፈተና?»

ሚስታቸው ሳቅ አመለጣት። እሳቸው አልሳቁም። «በሰው አገር አንድ ልብ እንሁን። አትከፋፍይን» አሉኝ። በደጅ የቆሙት ሁሉ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

አባ ስሙን እስካሁን አላነሡም። ሶዶ የቀራችሁ የምታነሡት ካላችሁ አላውቅም፤ ከእናንተ የመጣ ሰው አላገኘሁም። እኔ የካምፑን ሰው ልብስ እሰፋለሁ። ዛሬ የፊታውራሪውን ኮት ኮሌታ፣ ያረጀው ገጽ ወደ ውስጥ እንዲገባ፣ እየገለበጥኩ ነው።