ድንጉላውን የወጋሁበት ወራት

የእንስሳት ሕክምና ተምሬ ናይሮቢ ስመጣ የተቀጠርኩት ለአንድ ያገሬ ሰው ነው። ኪሌሌሽዋ ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ነበሩ። ከእሽቅድምድም የወጣ ዳማ ድንጉላ ገዝተው ከከተማው ዳር ጋጣ ተከራይተውለት ነበር። ሐሳባቸው ባዝሮች እያስጠቁ ውርንጭላ መሸጥ ነው።

ፈረሱ ጨዋ ነበር። ባዝራ ሲያቀርቡለት አሽትቶ፣ ዙሪያዋን ዞሮ፣ እስክትፈቅድለት ይጠብቃል። እሳቸው አጥሩን ተደግፈው ሲያዩት ይበግናሉ። "ይሄ ደግሞ ምን ወንድ ነው!" አንድ ቀን ወዳጅ መክሯቸው የቴስቶስትሮን፣ የወንዴ ሆርሞን፣ ብልቃጥ ይዘው መጡ።

"ጋሼ፣ ይጎዳዋል" አልኳቸው። "ሆርሞኑ ከውጭ ሲገባለት አንጎሉ 'በቂ አለ' ብሎ ቆለጡን ሥራ ያስፈታዋል። ቆለጡ ይሟሽሻል፣ ዘሩ ይሳሳል። የሚተርፈን ቁጣው ነው።"

"የሥራ ፐርሚትህን ማን እንደሚያሳድስልህ ረሳኸው እንዴ?"

አልረሳሁም። ወጋሁት። በየሳምንቱ ወጋሁት።

ጋጣውን የሚጠብቀው ባልደራስ ፈረስ ሲያሳድግ ያረጀ ኬንያዊ ነበር። መርፌውን ባዘጋጀሁ ቁጥር የፈረሱን አንገት እያሻሸ፣ "ዳክታሪ፣ ይሄ ምን ጎደለው?" ይለኛል። "ትእዛዝ ነው" እለዋለሁ።

ሁለት ወር ሳይሞላ አንገቱ ደነደነ፤ የጋጣውን በር በእግሩ ይደበድብ ጀመር። ባዝራ ሲያይ ማሽተት የለ፣ መጠበቅ የለ፤ ዘሎ ይወጣና ማጅራቷን ነክሶ ያደማታል። ጋሼ ደስ አላቸው። "አየህ? አሁን ወንድ ሆነ!" በዚያው ሰሞን የባልደራሱን ክንድ ነከሰውና ቁስሉ ተሰፋ።

ካስጠቃናቸው ባዝሮች አንዷም አላረገዘችም። ዘሩን ተቀብዬ በማይክሮስኮፕ አየሁት። የሚታየው ጥቂት ነበር፤ ያም አይንቀሳቀስም። ይህንኑ እንደማገኝ እያወቅኩ ዓይኔን ከመነጽሩ ማንሳት አቃተኝ።

"መርፌውን አቁመን ወራት ብንታገሰው ሊመለስ ይችላል" ብዬ ለመንኳቸው።

"የሸጡልኝ መካን ነው! አንተስ ሐኪም ተብለህ ይሄን ሳታውቅ ትቀራለህ?"

አልታገሱም። ሌላ ሐኪም አስመጥተው አስኮላሹት። መድኃኒቱ አደንዝዞት ሲንገዳገድ ልጓሙን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ባልደራሱ አልይዝም ብሎ ወጥቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሰላምታዬን አልመለሰልኝም። አልፈረድኩበትም፤ እሱ የማያውቀውን እያወቅኩ ነው ያደረግኩት።

ዛሬ ጋሼ ከቅዳሴ በኋላ ለሰው ሲያወሩ፣ "ፈረሱ ሲፈጠርም ዘር አልነበረውም" ይላሉ። አንዳንዴ አጠገባቸው ቆሜ ነው የሚያወሩት። ወደ እኔ ዞረው፣ "አይደለም እንዴ ዶክተር?" ሲሉኝ በአዎንታ አንገቴን እነቀንቃለሁ።