ከሙጫ ክፍል ለመውጣት

እኛ ፋብሪካ ግንድ ሆኖ የገባ ግንድ ሆኖ አይወጣም። ደጋ ላይ ተተክሎ ያደገው ባሕር ዛፍ በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣል፣ ማሽኑ እንደ ባቄላ ይከካዋል፣ ይደርቃል፣ ሙጫ ይጠጣል፣ ከዚያ የጋለው መጭመቂያ ውስጥ ገብቶ ቺፕውድ ይሆናል። ቁም ሳጥናችሁ፣ የሱቃችሁ መደርደሪያ እሱ ነው። ሙጫውን የምበጠብጠው እኔ ነኝ።

ቀላል ሥራ የሚመስለው ካለ ይምጣና ይሞክረው! ሙጫውን የሚያጠነክረውን ማድረቂያ አንዴ ከጨመራችሁበት ሽንት ቤት እንኳን መሄድ የለም። በድሬ ሙቀት ትንሽ ከዘገያችሁ በርሜሉ ውስጥ ድንጋይ ይሆንና በመዶሻ ስትፈልጡት ትውላላችሁ። አቧራ እንዳይገባ ደግሞ በሩን ይዘጉብኛል። ሽታው ዓይን ይልጣል፤ ቀኑን ሙሉ ሽንኩርት ስከትፍ የምውል ነው የሚመስለኝ፣ ወጥ የሌለው ሽንኩርት። ዘንድሮ ደግሞ ሳል ጀመረኝ። ሐኪሙ «ከዚህ ሥራ ውጪ» አለኝ፤ መድኃኒት እንኳን አልጻፈልኝም።

እግዜር ሲረዳ ቀፊራ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ ጓደኛዬ ሰው ፈለገች። «እስከ ሰኞ እጠብቅሻለሁ፤ ከዚያ ሌላ ሰው አስገባለሁ» አለችኝ። በደስታ እልል ማለት ነበር የቀረኝ።

አንድ ነገር ግን ነበረ፤ መመረቅ። ፋብሪካው ያስገባኝ የመጭመቂያው ኃላፊ ነው፤ ከአባቴ ጋር ባቡር ላይ የሠራ ሽማግሌ። አባቴ ሲሞት ዋስ ሆኖልኝ እጄን ይዞ አስገባኝ። ሁላችንም አባባ እንለዋለን፤ ድሬ ላይ አንቱታ የለም፣ የምንወደውን ሰው አንተ ነው የምንለው። እናቴ «ያስገባሽ ሰው ሳይመርቅሽ ወጥተሽ አይቀናሽም» አለችኝ። እሷ የማርያም ማኅበርተኛ ናት፣ እሱ ሐጂ ነው፤ ምርቃት ላይ ግን ልዩነት የለንም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ሲለቀቅ ጫትና ስኳር ይዤ ሄድኩ። ሠራተኛው መጋዘኑ ጥላ ሥር ክብ ሠርቶ ጫት እየቃመ በርጫ ላይ ነው። ጫቱን ፊቱ አስቀምጬ «አባባ፣ ልወጣ ነው፤ መርቀኝ» አልኩት።

ቅጠል መርጦ ጎረሰ። ለሙጫ ክፍል የተቀጠረ ሁሉ ብዙም ሳይቆይ እንደሚሸሽ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ሙጫ ከሌለ መጭመቂያው ይቆማል። በመጨረሻ መዳፉን ዘረጋ፤ ሁላችንም ዘረጋን።

«አላህ ጤና ይስጥሽ።»

«አሚን!»

«እናትሽን ያኑርልሽ።»

«አሚን!»

«ከመሃላችን አያውጣሽ፤ እዚሁ ያቆይሽ።»

«አሚን!»

እኔም። በገዛ አፌ፣ ከሁሉም ጮክ ብዬ «አሜን!» አልኩ። ምርቃት ሲወርድ አፍ መች ይጠብቃል? ሽማግሌ እጁን ሲዘረጋ አሜን እያልኩ ነው ያደግኩት። ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው ጆሮዬ የሰማው። አቦ! እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። አጠገቤ የተቀመጠው ሹፌር ሳቁን በጫቱ አፈነ።

ሰው እስኪበተን ጠብቄ «አባባ፣ ምን አደረግከኝ? አንሳልኝ!» አልኩት።

«ምርቃት ይነሳል እንዴ?» አለኝ። «የመረቅኩት እኔ፣ አሜን ያልሽው አንቺ። ልጄ፣ እኔ ምን ላርግሽ?»

ግንባሬን ስሞኝ ሄደ። የሚያበሽቀኝ፣ እንደሚወደኝ ማወቄ ነው። ቢጠላኝ ኖሮ ጥዬው እሄድ ነበር።

እሑድ ለእናቴ ስነግራት እርግማን ነው ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። «አሜን ካልሽማ...» ብላ ተወችው። ሌሊቱን ሙሉ አይረባም፣ ቃል ብቻ ነው ስል አደርኩ። ሲነጋ ግን ፈራሁ። እውነቱ ይኸው ነው፤ ፈራሁ።

ሰኞ ማድረቂያውን ጨምሬ ስበጠብጥ ስልኬ ጠራ። በሩ ተዘግቷል። ጓደኛዬ ናት።

«የት ደረስሽ? ሱቁን ከፍቼ እየጠበቅኩሽ ነው!»

ሌላ ሰው አስገቢ ልላት አፌን ስከፍት ሳሉ ቀደመኝ። «አይዞሽ፣ ቀስ በይ» እያለች ጠበቀችኝ። ሳሉ ሲለቀኝ «አልመጣም» አልኳት።