የነካኸውን ትጫወታለህ

የእህቴ የኤኔሌሲ ባል ዛኬዮ ከተወለደ ጀምሮ ጆሮው አይሰማም። ይህ ግን ማንንም አስቸግሮ አያውቅም። እኛ የማላዊ ሐይቅ ዳር ሰዎች ነን፤ ነፋሱ ሲበረታ ከታንኳ ታንኳ የምንነጋገረው በእጅ ነው። ስለዚህ እህቴን አግብቶ መንደራችን ሲገባ ከእሱ ጋር ማውራት አልከበደንም። ዓሣ ለማለት መዳፍን ማወዛወዝ፣ የመንደራችንን አለቃ ለማለት ጉንጭን መንፋት፣ እኔን ለማለት ደግሞ ሆድን ቸብ ቸብ ማድረግ ይበቃል። ያን ጊዜም ሆዴ ይቀድመኝ ነበር።

ዛኬዮ ታንኳ ጠራቢ ነው፤ ጎበዝ ጠራቢ። ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ግን ዓይኑ ይጠብበት ጀመር። መጀመሪያ ሲመሽ ይደናቀፋል፤ “ጠጥቶ ነው” አልን። ቀጥሎ ከጎኑ ቆመን እጃችንን ስናወዛውዝ ዝም ይለናል፤ “ኮራ” አልን። በመጨረሻ በሸምበቆ ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው ከፊት ለፊቱ ትንሽ ብርሃን ብቻ ቀረችው፤ እሷም ጠፋች። ሐኪም ቤት ወስደነው መድኃኒት የለውም ተባልን።

ዛኬዮ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ጓደኞቹ መጀመሪያ ብቅ ይሉ ነበር። ትከሻውን መታ መታ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ሌላ የሚሉት ሲያጡ ይሄዳሉ። እያደር ቀሩ። እኔም ቀረሁ፤ አልዋሽም። እኛ ዘንድ ወንድ ሚስቱ መንደር ነው የሚኖረው፤ ሥራ ያቆመ አማች ደግሞ ብዙ አይታገሡትም። ደጃፉ ላይ ከተቀመጠ ሦስት ዓመት ሲሞላው አክስታችን እህቴን አስቀምጣ መከረቻት።

“ልጄ፣ ወደ እናቱ አገር መልሺው። እዚህ እንደ ግንድ ተጋድሞ ምን ይፈይድልሻል?”

“ግንድ አያኮርፍም፣ አክስቴ። ትናንት ወጡ ጨው በዝቶበት አኩርፎኝ ነው ያደረው።”

“ጨው መብዛቱ መሆኑን በምን አወቅሽ?”

“ነግሮኝ ነዋ!”

እውነቷን ነው። እህቴ ድሮ በአየር ላይ የምትሠራውን ምልክት አሁን የእሱን እጆች በእጆቿ ላይ አስቀምጣ ትሠራዋለች። እሱ እየዳሰሰ ይከተላታል፣ ይመልስላታል፣ ይጨቃጨቃታል። ማየትም መስማትም የማይችሉ ሰዎችን እየዞረች የምትጎበኝ አንዲት ሴት ከንኮታኮታ ከተማ መጥታ ይህን ስታይ ተገረመች።

“ማን አስተማረሽ?”

“ማን ያስተምረኛል? ባሌ አይደል፤ ሳላናግረው ልኑር?”

ሴትዮዋ የጨመረችላት ሁለት ነገር ነው። እጁን ይዛችሁ አትጎትቱት፣ እጃችሁን ከሥር አስገብታችሁ እሱ እስኪመጣ ጠብቁ፤ ደግሞም ማን እንደመጣ እንዲያውቅ እያንዳንዱ ሰው ክንዱ ላይ የሚያደርገው የራሱ ምልክት ይኑረው አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

“ወንዶቹ የት ነው የሚውሉት?”

“ማንጎው ሥር፣ ገበጣ እየተጫወትን።”

“ታዲያ እሱ ለምን እዚህ ዋለ?”

በማግስቱ ክንዱ ላይ ሁለቴ ቸብ ቸብ አደረግሁ፣ የሆዴ ምልክት መሆኑ ነው፤ ከዚያ ማንጎው ሥር ወሰድኩት።

ገበጣችን አራት ረድፍ፣ በየረድፉ ስምንት ቤት ያለው ነው። ዛኬዮ ጣቶቹን ሰሌዳው ላይ እንዳሳረፈ ፊቱ ተለወጠ። ዓይን በነበረው ጊዜ ከሁላችን የሚሻል ተጫዋች ነበርና ቤቶቹን እየዳሰሰ ፍሬዎቹን መቁጠር ጀመረ። ይኼኔ እሱ ካቆመ ወዲህ በመንደራችን የሚያሸንፈው ያልተገኘ ቢሊያት የሚባል ሰው ብድግ አለ።

“ቆይ፣ ቆይ! የነካኸውን ትጫወታለህ አይደል ሕጉ? ይኼ ሰውዬ እኮ ሠላሳ ሁለቱንም ቤት ነካ!”

“ታዲያ በምን ይየው?” አልኩት።

“እኔ ምን ቸገረኝ? ሕግ ሕግ ነው!”

ግማሹ ከእሱ፣ ግማሹ ከእኔ ሆኖ ጩኸቱ ቀለጠ። አለቃችን እማማ ናኩምባ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። ሁለታችንንም አዳመጡ፣ ከዚያ ጉንጫቸውን ነፉ።

“ቢሊያት፣ አንተ አንዴ ለመጫወት ሰሌዳው ላይ ስንት ጊዜ ታፈጣለህ? ዓሣው እስኪደርቅ! እሱም በጣቱ ያፍጥ። መንካት ማየት ነው። ፍሬ ካነሳ ግን አነሳ፤ ይጫወታታል።”

“የእኔንስ ጨዋታ በምን ያውቃል?”

“እጁን እጅህ ላይ ያደርጋላ።”

“የወንድ እጅ ተሸክሜ ልጫወት?”

“ከፈራህ ተነሣ።”

ቢሊያት አልተነሣም። ዛኬዮ ከፊት ለፊቱ ተቀመጠ፤ ቢሊያት ፍሬ ሲዘራ መዳፉን እንደ ቅጠል ቀለል አድርጎ ከላይ ያሳርፍበታል። እስከ አጋማሹ ድረስ ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ ዛኬዮ ድንገት የቢሊያትን የእጅ አንጓ ጨምድዶ ያዘ። ቢሊያት ቢታገልም ታንኳ የጠረበ እጅ አይለቅም። ዛኬዮ ትንሿን ጣት ፈልጎ ቀስ አድርጎ ቀና ሲያደርጋት፣ አንዲት ፍሬ ከሥሯ ጠብ አለች።

“ላብ ነው!” አለ ቢሊያት። “አልቦኝ ተጣብቃ ነው!”

“ስንት ዓመት ሲያልብህ ኖረ?” አሉት አለቃችን።

ሳቁ ሐይቁ ድረስ ተሰማ። አንድ ሽማግሌ እንደውም ሲሸነፉበት የኖሩትን ጨዋታ ሁሉ እንደገና እንጫወት ብለው አስቸገሩ።

ፍሬዋ ወደ ቤቷ ተመልሳ ጨዋታው ቀጠለ፤ ዛኬዮም ተሸነፈ። ምን ታደርጉታላችሁ፣ ቢሊያት ሳይሰርቅም ጎበዝ ነው! እንዲህ አሸንፎ ደግሞ ዝም አይልም።

“ለአማችህ ንገርልኝ፤ የሠራልን ታንኳ እንደ ገበጣው ከሆነ አልቀናል በለው” አለኝ።

“አፍ አለህ፣ እጅ አለህ። ራስህ ንገረው።”

ቢሊያት አመነታ። ከዚያ ሻካራ እጆቹን ከዛኬዮ እጆች ሥር አስገብቶ ጠበቀ። እነዚያ ሲያርፉበት ታንኳ ሠራ፣ ታንኳውን አሰመጠው፣ ለማንኛውም ብሎ እንደገና አሰመጠው። ዛኬዮ ተቀየመ ብዬ ደነገጥኩ። ወዲያው ግን ያ ከሦስት ዓመት ወዲህ ያልሰማነው የዝይ ድምፅ የሚመስል ሳቁ ፈነዳ። የቢሊያትን ትንሿን ጣት ያዘና ወደ ሕዝቡ ዘርግቶ አሳየን። ቢሊያት ራሱ ወገቡን ይዞ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ሁሉም የየራሱን ምልክት በዛኬዮ ክንድ ላይ ለማስመዝገብ ተሰለፈ። አክስታችን እንኳ መጣች፤ እሷ ትቆነጥጠዋለች።

ቤት ስንገባ ዛኬዮ ንሲማውን፣ የበቆሎ ገንፎውን፣ ሳይነካ የኤኔሌሲን እጆች ያዘ። እሷ ተረጎመችልኝ።

“‘ሦስት ዓመት አዘኑልኝ’ ይላል። ‘ዛሬ ሰደቡኝ’ ይላል።” ከዚያ ዘወር አለች።

ባለፈው የክረምት መግቢያ ዛኬዮ ግንድ አስመጥቶ መጥረቢያውን አነሣ። በገመድ እየለካ፣ በመዳፉ እያየ ይጠርባል፤ አንዱን ጫፍ የሚይዝለት ቢሊያት ነው። ሲሠሩ ስለሚነታረኩ ከአራት እጅ ሁለቱ ሥራ ፈት ነው፤ ታንኳዋም ዘገየች። እህቴ ደግሞ አሁን አለቃችን ዘንድ ቀርባ ባሏን ከሳዋለች። ክሱ፦ ምሳው ቀዝቅዞ ከማንጎው ሥር አልነሣ ብሏል።

“ይህ ክስ በባሎች ሁሉ ላይ አለ” አሉና አለቃችን መለሷት።