የዋጫው መኪና ሲያልፍ

ጋሼ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ሰው ሰላም ሲላቸው እንኳ ዓይናቸውን ከመንገዱ አያነሱም ነበር። ቦንጋ ያለው ቤታችን ደጅ ላይ፣ አግዳሚው ወንበር ዳር ተቀምጠው የሚያልፈውን መኪና በመድረሻው ይጠሩታል። «የዋጫው» ይላሉ። ለሌላ ሰው አንድ ቃል የማትተነፍሰው ልጄ በወዲያኛው ዳር ሆና «ሄደ» ትላለች። «የሺሺንዳው።» «ሄደ።» እንዲህ ሲሉ ይውሉ ነበር።

ልጄን ጅማ ወስጃት ሐኪሟ ኦቲዝም ነው ስትለኝ፣ ከዘር የመጣ ነው ወይስ የአንጎል ነገር ብዬ ጠየቅኳት።

«ሁለቱን ለያይተን አናያቸውም» አለችኝ። «የዘረመል ጥናት በቤተሰብ ምን እንደሚወረስ ይጠቁማል። የአንጎል ምስል ደግሞ የተወረሰው ነገር በአንጎል እድገት ላይ ምን እንደሚለውጥ ለማየት ይረዳል። ሁለቱ አንድ ላይ ታይተውም ገና የማናውቀው ብዙ ነው። ለመሆኑ በቤተሰባችሁ እሷን የሚመስል ሰው አለ?»

«ማንም የለም» አልኳት። አፍሬ ነው።

ቤት ስመለስ ያልኩትን ሁሉ ሳልደብቅ ለጋሼ ነገርኳቸው። መንገዱን እያዩ፣ «እኔ እያለሁ ማንም የለም አልሽ?» አሉኝ።

አርባቸው ወጥቷል። ልጄ ዛሬም በራሷ ዳር ትቀመጣለች፤ የሳቸውን ቦታ ማንም እንዲይዘው አትፈቅድም። ቅድም መኪና ሲያልፍ በሩ ላይ ቆሜ «የዋጫው» አልኩ።

ልጄ ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም። መንገዱ ጭር እስኪል ጠበቅኳት። «ሄደ» ያልኩትም እኔው ነኝ።