አበባ የመሰለን

ይህ የሆነው ባለፈው ጥር ነው። ወራት ቢያልፉም ሽንኩርት በከተፍኩ ቁጥር ፊቴ በሐፍረት ይግላል።

መርሳ ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ። ካሮት ዛፍ ላይ የሚያፈራ የሚመስላቸው ልጆች ስላሉኝ፣ የሚበሉት አትክልት የሚበቅልበትን ይዩ ብዬ ግራና የሚባል ስፍራ አካባቢ በመስኖ የሚያለሙ አንዲት ገበሬ ለመንኩ። እትዬ ከድጃ ይባላሉ። «የልጅ እግር በረካ ነው፤ አምጫቸው» አሉኝ።

የሄድን ዕለት እትዬ ራሳቸው ልጆቹን ካሮት አስነቀሏቸው። ምሳቸውን የማይጨርሱት ሁሉ እየተሻሙ በሉ። እትዬም የበቆሎ ቅቅል ሊያመጡ ወደ ቤት ገቡ።

ማሳው ጥግ ላይ፣ በረጃጅም አገዳ ጫፍ፣ ኳስ የመሰሉ ነጫጭ አበቦች ነበሩ።

«ቲቸር፣ እንቁረጥ?»

ወልድያ ከተማ ያደግኩ ነኝ፤ እንዲሁ አበባ መሰለኝ። «ቁረጡና ለእትዬ ስጧቸው» አልኩ። አንድ አንድ የሚቆርጡ መስሎኝ ነበር። ቦይ ውስጥ የገባ ልጅ እግር ሳጥብ ቆይቼ ቀና ስል መደቡ ተራቁቷል።

እትዬ ከድጃ ሳህኑን ይዘው ብቅ ሲሉ አንዲት ሕፃን ሮጣ እቅፍ ሙሉ አበባ ሰጠቻቸው። የተራቆተውን መደብ አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ተቀበሏትና ግንባሯን ሳሙ። «አላህ ያሳድግሽ፣ ልጄ።»

ባለቤታቸው ግን ከኋላ ደረሱ። «ኧረ በአላህ! ዘሩን ማን ነው የጨረሰው?»

«ዝም በሉ፤ እንግዶች ናቸው» አሏቸው እትዬ።

ለካ አበባው ለከርሞ ያሰቡት የሽንኩርት ዘር ነበር፤ ገና ያልደረሰ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እንባዬ መጣ። እትዬ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «በልጆቹ ፊት እንዳታለቅሺ። ማሳ ሄደን ሰው አስለቅሰን መጣን እንዳይሉ» አሉኝ በሹክሹክታ።

በሳምንቱ ከወልድያ የሽንኩርት ዘር ገዝቼ ወሰድኩላቸው። አመስግነው ተቀበሉኝ። የእሳቸው ግን ለዓመታት እየመረጡ ያቆዩት ዘር ነበር፤ እሱን ከየት አመጣለሁ? ከዚያ በኋላ እግሬን ከደጃቸው አሳጠርኩ።

በቅርቡ መርሳ ገበያ ከሩቅ አየኋቸውና መንገድ ልቀይር ስል በስሜ ጠሩኝ።

«ምነው ልጆቹን መልሰሽ አላመጣሻቸው?» አሉኝ።

«ሥራ በዝቶብኝ ነው፣ እትዬ።»

ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ። «ወይስ ያን ለታ ከፋሁባችሁ? ባለቤቴ ሲጮሁ ልጆቹ ደንግጠው ይሆናል ብዬ ስንት ጊዜ ተጨነቅሁ መሰለሽ።»

የበደልኳቸው እኔ ሆኜ፣ እሳቸው ኖረዋል የበደሉኝ እየመሰላቸው የከረሙት! እዚያው ገበያ መሀል ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ወደ ላይ አነሱኝ።

ዘንድሮ ልጆቹን እንደምወስድ ቃል ገብቼላቸዋለሁ። የጠፋው ዘር ያሳዝነኛል። ይበልጥ የሚቆጨኝ ግን አፍሬ መሸሼ ነው።