ፍሬን የተደረገች ልጅ

ትንሿ ልጅ ከመቶ በላይ ያሉትን ቁጥሮች ማንበብ የለመደችው ትምህርት ቤት ሳይሆን ከወንድሟ መኪና ላይ ነው። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሒሳብ የቤት ሥራዋን ሳሠራት፣ "መቶ ሃያ" የሚለውን ሳትደናቀፍ ስታነብ ገርሞኝ ማን እንዳስተማራት ጠየቅኳት።

"መርፌው" አለችኝ።

የፍጥነት መለኪያውን መርፌ ማለቷ ነበር። ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው።

ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኾባር ከተማ፣ አል ሒዛም አል-አኽደር በሚባለው ሰፈር፣ እነሱ ቤት እሠራ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ አጥንቼ ብመረቅም ሥራ አጥቼ ስለቆየሁ ነው የሄድኩት። ማዳም የመረጠችኝም "እንግሊዝኛ ስለምትችል ልጄን ታስጠናልኛለች" ብላ ነበር። እኔ ሲበዛ ዓይነ አፋር ነኝ። ከትልልቆቹ ይልቅ ከትንሿ ጋር መዋል ይቀለኝ ነበር።

በዚያ ዘመን እዚያ አገር ሴት መኪና አትነዳም። የማዳም እናት ጎረቤት ከተማ ደማም ታመው ተኝተዋል። እሳቸውን ለመጠየቅም ሆነ ገበያ ለመውጣት ማዳም የሰው እጅ ማየት ነበረባት። የቤቱ ሾፌር፣ አንድ ህንዳዊ ሽማግሌ፣ የመጨረሻ መውጫ ቪዛውን፣ ኹሩጁን፣ ይዞ ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ፣ ባባ ሌላ ሾፌር አላመጣም። ባባ የምንለው የቤቱን አባወራ ነው።

"ጎረምሳ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሾፌር ምን ያደርግልናል?" አለ።

ጎረምሳው የበኩር ልጁ ነው፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ። ይህ የእነሱ ቤት ልማድ ብቻ አልነበረም። እናቶቻቸውንና እህቶቻቸውን የሚያመላልሱ፣ ጢማቸው ገና ያላቀመቀመ ልጆች በሰፈሩ ብዙ ነበሩ። መንጃ ፈቃድ ያለውም የሌለውም ይነዳል። እናት ከልጇ ኋላ ትቀመጣለች፤ ልጅም በአንድ ጀምበር ወንድ ይሆናል።

መጀመሪያ የሚነዳው የአባቱን አሮጌ መኪና ነበር። የትምህርት ቤት ፈተናውን በጥሩ ውጤት ሲያልፍ አባቱ አዲስ ገዛለት። ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ አፍንጫው ረጅም፣ ጥቁር መኪና ነው። ግቢ ሲገባ የወጥ ቤቱ መስኮት ተንቀጠቀጠ። የአጎቶቹ ልጆች ኮፈኑን ከፍተው እንደ ሠርግ ሙሽራ ከበው ያዩታል።

"ይኼ መኪና ነው አውሮፕላን?" አለች ማዳም በሩ ላይ ቆማ።

"አንቺ ደግሞ! ከባድ መኪና እኮ ነው፤ ከባድ መኪና ሰው ይጠብቃል" አላት ባባ። ከዚያ የልጁን ትከሻ መታ አድርጎ "ከእንግዲህ እናትህ በአንተ እጅ ናት" አለው።

ልጁ ጎንበስ ብሎ የአባቱን ግንባር ሳመ። ማዳምም "ማሻ አላህ" አለች። እጇን ግን ከመኪናው ጣራ ላይ ሳታነሣ ቆየች፤ ሊሸሽ ያለ ከብት የያዘች ትመስል ነበር።

መጥፎ ልጅ አልነበረም። የበላበትን ሳህን ራሱ አንሥቶ የሚያመጣ፣ "ጤና ይስጥሽ" ሳይለኝ የማያልፍ ልጅ ነው። እናቱን ይዞ ሲሄድ እርጋታው ሌላ ነው። ብቻውን ሲሆን ግን ዋናው መንገድ ላይ ሲደርስ የሞተሩ ድምፅ፣ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማውን ዓይነት፣ እስከ ወጥ ቤት ይመጣል። ማዳም በእጇ የያዘችውን ታስቀምጣለች። ድምፁ እስኪጠፋ መልሳ አታነሣውም።

አንድ ጊዜ ቁልፉን ወስዳ የሩዝ ማስቀመጫው ውስጥ ደበቀችው። ባባ "በጓደኞቹ ፊት አታዋርጂው" ብሎ አስመለሰለት። እሷም በማግሥቱ እናቷ ዘንድ መሄድ ነበረባት፤ የሚወስዳት ያው እሱ ነው። ሩዙን ከቁልፉ ላይ ያራገፍኩት እኔ ነበርኩ።

ማዳም መላ ያገኘች የመሰላት ያኔ ነው። "ከእህትህ ጋር ሂድ" ማለት ጀመረች። ነዳጅ ሊቀዳ ሲወጣ፣ ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ፣ ኮርኒሽ በሚሉት የባሕር ዳርቻ ጓደኞቹን ሊያገኝ ሲወጣ ትንሿን ከኋላ ታስቀምጥበታለች።

"እሷ ካለች አይሮጥም" አለችኝ። "ነፍሱ ናት።"

እውነትም ነፍሱ ነበረች። አልተቆጣም፤ ቀልድ አደረገው። "ሳሂር" የሚል ስም አወጣላት። ሳሂር እዚያ አገር መንገድ ዳር ተተክሎ፣ የሚሮጥ መኪናን ፎቶ የሚያነሣው ካሜራ ነው። አንድ ቀን ለገበያ እኔም አብሬያቸው ሄጄ ሲጨቃጨቁ ሰማሁ።

"ሳሂር! ቀበቶ!"

"አስሬያለሁ።"

"እስቲ አንድ ጊዜ ብቻ ዓይንሽን ጨፍኚልኝ።"

"ሳሂር አይጨፍንም። መቶ ካለፍክ ቸኮሌት ትቀጣለህ።"

"ኧረ ባክሽ ጉቦ ተቀበይና ልለፍ!"

"ጉቦውም ቸኮሌት ነው?" ብትለው መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ።

ሲመለሱ እናቷ በር ላይ ትጠብቃታለች። "ስንት?" ትላታለች። "ዘጠና።" "አልሐምዱሊላህ።" ትንሿ ቁጥሩን ስትናገር ደረቷን ትነፋለች። ሥራ ያላት ሰው ሆናለች።

በእኛ አገር ታላቅ ታናሹን ይጠብቃል። እዚያ ቤት ታናሿ ታላቅ ወንድሟን እንድትጠብቅ ተደረገች። ነገሩ ሲከነክነኝ ከጎረቤት ቤት ለምትሠራው የወሎ ልጅ ነገርኳት። ቆሻሻ ስናወጣ ነበር የምንገናኘው።

"ለማዳም ብነግራትስ?" አልኳት።

"አንቺ? ጨው አለቀ ለማለት ሳምንት የምታስቢው ልጅ?" ብላ ሳቀችብኝ። ሳቋን ስትጨርስ የቆሻሻውን ፌስታል መሬት አስቀመጠች። "ንገሪያት እህቴ። አላህ ይጠብቃቸው እንጂ፣ ያ መኪና ሰው ሲበላ ታላቅ ታናሽ ብሎ ነው እንዴ የሚመርጥ?"

ከማዳም ጋር ልብስ ስናጣጥፍ ነገርኳት። "ማዳም፣ ትንሿ ልጅ ናት። ይህ ሥራ ይከብዳታል" አልኩ በተሰባበረ ዓረብኛዬ።

"አውቃለሁ" አለች። አልተቆጣችኝም። "ሌላ ምን አለኝ? ቁልፉን ብወስድ አባቱ ይመልስለታል። ሾፌር አምጣ ብለው ልጅሽ አለ ይለኛል። ራሴ እንዳልነዳ..." ብላ ባዶ እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። ከዚያ ወደ ልብሱ ተመለሰች።

አንድ ቀን ትንሿን ትኩሳት ያዛት። ልጁ ጠዋት እናቱን ደማም አድርሶ ተመልሶ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ሊያመጣት ነው። ግንባሯ ላይ እርጥብ ፎጣ አድርጌላት ስወርድ ፍሪጁን ከፍቶ ውኃ ይጠጣል።

"ሳሂር የታለች?"

"አሟታል፣ ተኝታለች።"

"ዛሬ መንገዱ ክፍት ነዋ!" ብሎ ጠቀሰኝ። ፊቴ ላይ አንድ ነገር አይቶ ይሁን አላውቅም፣ "ቀልዴን ነው። ቸኮሌት ይዤልሽ እመጣለሁ ብሏል በያት" አለኝ።

ሞተሩ ሲነሣ ፎቅ ላይ ኮቴ ሰማሁ። ትንሿ ፎጣውን ጥላ፣ አንድ እግር ጫማ አድርጋ ደረጃው ላይ ቆማለች። "ሳይጠራኝ ሄደ" አለች። አቅፌ ወደ አልጋዋ መለስኳት፤ ገላዋ ይፋጃል። የመኪናው ድምፅ ከዋናው መንገድ መጣ፣ እንደ ልማዱ ተቀደደ፣ ራቀ።

ማዳም እናቷ ቤት ልጇን ስትጠብቅ የመጣው ባሏ ነው። መኪናው ደማም ሳይደርስ ከድልድይ ምሰሶ ጋር ተላትሟል። ልጁ እዚያው አረፈ። ሌላ መኪና አልነካውም፤ ፍጥነቱ ብቻ ነው።

ሦስት ቀን ቤቱ በሰው ተሞላ። የመጣው ሁሉ "መክቱብ ነው" ይላል፤ የተጻፈ ነው ማለታቸው ነው። እኔም "ቀኑ ደርሶ ነው" ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ቃሉ ለሐዘንተኛ ደግ እንደሆነ አውቃለሁ። ባባ ግን ያን ቃል እንደ ብርድ ልብስ ተከናንቦት ነበር። ስለ መኪናው አንድም ሰው አላነሣም። ሐዘን ላይ እንዲህ ያለው አይነሣም።

ትንሿ እኔ ጋ ወጥ ቤት ትውላለች። ለእንግዶች ቴምር ስደረድር አጠገቤ ቆማ፣ "ትኩሳት ከምን ይመጣል?" አለችኝ።

"ከጉንፋን።"

"ጉንፋኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አትብዪ እየተባልኩ አይስክሬም በልቼ።" ከዚያ ዓይኗን ከቴምሩ ሳታነሣ፣ "እኔ ብኖር ዘጠና ነበር የሚሄደው" አለች።

"የለም፣ የለም የኔ እናት" አልኳት። ዓረብኛው ጠፍቶብኝ በአማርኛ ነበር ያልኩት። በኋላ ደጋግሜ በዓረብኛም ነገርኳት። ትሰማኛለች እንጂ አትቀበለኝም። እኔ ያልሰጠኋትን ሥራ እኔ ላነሣላት አልቻልኩም።

ጊዜ ካለፈ በኋላ ሴቶች እንዲነዱ ተፈቀደ። ዜናው የመጣ ዕለት የማዳም ስልክ ከእህቶቿና ከጓደኞቿ በሚመጣ የደስታ መልእክት ሲጮኽ ዋለ። እሷ ቴሌቪዥኑን አጠፋችና "አሁን?" አለች።

ሆኖም እናቷ አሁንም ታመው ተኝተዋል። መንዳት ተማረች፤ ትንሽ ነጭ መኪና ገዛች። ከዚያ ወዲህ ማዳም ቁልፍ ባነሣች ቁጥር ትንሿ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ትቆማለች። ቢደክማትም፣ የዘመድ ልጆች ሊጫወቱ ቢመጡም አትቀርም። ከኋላ ሆና አንገቷን አስግጋ መርፌውን ታነባለች። "ሰባ። ሰባ አምስት። ማማ፣ ሰማንያ!" ማዳም ፍሬን ትይዛለች። ልጅቷ ከወንድሟ ቀብር በኋላ ስታለቅስ አላየኋትም። ጥንቁቅ ሆነች እንጂ።

አንድ ጠዋት ፀጉሯን ስሠራት አንገቷ እጄን አቃጠለኝ።

"አሞሻል።"

እጄን ያዘችኝ። "አትንገሪ። እኔ ከቀረሁ ማማ ትሞታለች።"

ማበጠሪያውን እንደያዝኩ ወደ ማዳም ሄድኩ። ደፍሬ አይደለም፤ ብቻዬን መያዝ አቅቶኝ ነው። ቃል በቃል ነገርኳት፤ ቴምር ስደረድር ያለችኝንም፣ የአይስክሬሙንም። ማዳም ቁልፉን እንደጨበጠች ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ልጅቷን ጠርታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት። እዚያ አገር እናት ልጇን ስታባብል መልሳ "ማማ" ብላ ትጠራታለች።

"ማማ፣ ስሚኝ። ወንድምሽን መጠበቅ የአንቺ ሥራ አልነበረም። የእኔና የአባትሽ ሥራ ነበር። ሲያቅተን አንቺ ላይ ጫንነው። ቁልፉን የሰጠነው እኛ ነን።"

ትንሿ ብዙ አሰበች። "ባባም እንዲህ ይላል?" አለች።

ማዳም አቅፋ ወደ አልጋዋ ወሰደቻት።

ባባ ከሥራ ሲመለስ የሳሎኑን በር ዘግተው ተነጋገሩ። ምግብ ይዤ ደርሼ ስለነበር የእሱ ድምፅ ተሰማኝ፤ "መክቱብ ነው እያልኩሽ! ልጅህን ገደልክ ልትይኝ ነው?"

የእሷ ድምፅ ዝቅ ያለ ነበር። "ስለ ሄደው አይደለም። የቀረችህን ልጅ ነው የምልህ።"

ምግቡን ይዤ ተመለስኩ።

ቀናት አለፉ። ባባ ትንሿን እያየ እንዳላየ ያልፍ ነበር። አንድ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ግን እጇን ይዞ ግቢው ውስጥ ጥቁሩ መኪና ይቆምበት ወደነበረው ጥላ ወሰዳት። ሲሚንቶው ላይ የዘይት ነጠብጣብ ቀርቶ ነበር። እጠቢው ያለኝ የለም፤ እኔም አልነካሁትም። በወጥ ቤቱ መስኮት አየኋቸው። ባባ በነጭ ረጅም ቀሚሱ እዚያው ዘይቱ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱ ከፊቷ ዝቅ አለ። ምን እንዳላት አልሰማሁም። አፉ ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ሲያቆም አየሁ፣ እንደገና ሲጀምር አየሁ። ትንሿ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ አዳመጠችው። ሲጨርስ ቀረብ ብላ፣ ወንድሟ ያደርግ እንደነበረው፣ ግንባሩን ሳመችው። ከዚያ አለቀሰች። ድምፅዋ እስከ መስኮቱ መጣ።

ኮንትራቴን ጨርሼ አገሬ ስገባ ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ያደረሰችኝ ማዳም ናት። "ማዳምን ሾፌር አድርገሽ ልትሄጂ!" ብላ የወሎዋ ልጅ በር ላይ እያለቀሰች አሳቀችኝ።

ትንሿ ከኋላ ናት። ከኾባር እስክንወጣ አንገቷን እያሰገገች ቁጥር ትጠራ ነበር። እየቆየ የምትጠራው ተራራቀ፣ ከዚያ ጭራሽ ቀረ። ዞር ብዬ ሳያት ራሷን መስኮቱ ላይ ጥላ እንቅልፍ ወስዷታል። መኪና ውስጥ ስትተኛ አይቻት አላውቅም። ማዳም በመስታወቱ አየቻት፤ አየችና ፍጥነቷን የበለጠ ቀነሰች። ሰው ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ ያልፈን ጀመር። አንዱ፣ ሞተሩ የሚያጓራ ረጅም መኪና፣ አጠገባችን ሲደርስ የነጂው ፊት ታየኝ፤ ገና የልጅ ፊት ነው። ማዳም እስኪጠፋ ድረስ በዓይኗ ተከተለችው።

"የማን ልጅ ይሆን?" አለች ለራሷ።

አየር ማረፊያው ደርሰን መኪናው ሲቆም ትንሿ ደንግጣ ነቃች። ዓይኗ ቶሎ ወደ መርፌው ሄደ።

"ስንት ነው?"

"ዜሮ ነው፣ ማማ" አለቻት እናቷ። "ደርሰናል።"