ግራዝማች ያስቆረጡት መጨረሻ

ዲላ ሲኒማ አዳራሽ ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ባለቤቱ ግራዝማች ማሽን ማንቀሳቀስ መቻሌን አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ በከተማው ዘመድ እንዳለኝ ነው። የለኝም ስላቸው ደስ ብሏቸው ወዲያው ቀጠሩኝ። የሚከራከርለት የሌለው ሠራተኛ ይወዱ ነበር።

ማዕረጌ የፊልም ኦፕሬተር ተባለ። ፊልሙን በማሽኑ ጥርሶች ላይ አስገባለሁ፣ ሲበጠስ በመቀስና በማጣበቂያ እቀጥላለሁ፣ ጄኔሬተሩ ሲያስቸግር ወጥቼ እለማመጠዋለሁ። አዳራሹ ለቡና መጋዘንነት የተሠራ ነበርና መስኮቶቹን በጆንያ ጋርደን በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ እናሳይ ነበር።

ከእኔ በላይ የሚከበረው አስተርጓሚው ታፈሰ ነው። ሸራው አጠገብ ቆሞ በዘንግ እያመለከተ ተዋንያኑ የሚሉትን በአማርኛ ይናገራል። እንግሊዝኛ አይችልም። ቢሆንም የእሱ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ ከሸራው ፊልም ይሻል ነበር።

አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ያለው ፊልም አከራያችን አንድ ያረጀ ፊልም በርካሽ ላከልን። ድምፅ የለውም። ግራዝማች ድምፅ ማጉያውን አበላሸህ ብለው ተቆጡኝ። ፊልሙ ሲሠራም ድምፅ እንዳልነበረው ሳስረዳቸው ደግሞ ግማሽ ዕቃ ተላከብኝ ብለው አከራዩን ረገሙት። የተደሰተው ታፈሰ ብቻ ነው። ውሸቱን የሚያጋልጥበት አልነበረማ።

ታሪኩ ስለ አንድ ደም መጣጭ ጌታ ነው። ረጅም፣ ከሲታ፣ ጥፍሩ ያደገ። ከሩቅ አገር መጥቶ የማያውቀው ሕዝብ መሀል ቤት ይይዛል። ቀን ይተኛል፣ በሄደበት ሁሉ ሰው እየገረጣ ይወድቃል። በመጨረሻ ዶሮ ይጮኻል፣ ፀሐይ ትወጣለች፣ ሰውየው በብርሃኑ ጭስ ሆኖ ይጠፋል። ዶሮው ድምፅ ስላልነበረው ታፈሰ ራሱ ጮኸለት።

በመጀመሪያው ቀን ግራዝማች ከፊት፣ መደገፊያ ባለው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው ሥራ እንደማይነካ እንዲታወቅ የትንሿን ጣታቸውን ጥፍር አሳድገዋል። ታፈሰ የደም መጣጩን ማንነት ሊያስረዳ ጉሮሮውን ሲጠርግ፣ ከኢዲዶ መንደር የመጣ፣ ከቡናው ለግራዝማች የሚገብር ጅግሶ የሚባል ጭሰኛ ከኋላ ቀደመው።

"ተወው ጋሼ፣ እኛ እናውቃለን እሱን። ቡና ሲቀላ ይመጣል።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ግራዝማችም ሳቁ። ነገሩ የገባቸው ቤታቸው ከደረሱ በኋላ መሆን አለበት፤ በማግስቱ ጠዋት አስጠሩኝ።

"ጌታ የሆነ ሰው በዶሮ ጩኸት አይሞትም" አሉኝ። "መጨረሻውን ቁረጠው። ዳግመኛ ከሞተ አዳራሹን ቡና እሞላዋለሁ። አንተም ታፈሰም መንገዱን ታውቁታላችሁ።"

ፈራሁ። ሌላ ሙያ የለኝም፣ ዲላንም ለምጃታለሁ። ዶሮውን፣ ፀሐይዋንና ጭሱን ቆርጬ አስረከብኳቸው። ኪሳቸው ከተቷቸው። ፀሐይን በኪሱ ይዞ የሚሄድ ሰው ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ነገር ግን ያየ ላላየ አውርቶ ነበር። በየገበያው ቀን ከወርቃና ከገደብ ሳይቀር በጭነት መኪና ላይ ተጭነው መጡ። ዛሬስ ይሞታል ይላሉ። አይሞትም። ተበሳጭተው፣ ተራግመው ይወጡና በሚቀጥለው ገበያ ይመለሳሉ። ተኩስና ዘፈን ያለበት አዲስ ፊልም ብናመጣ ያንን መልሱልን አሉ። ግራዝማች መግቢያውን እየሰበሰቡ በሰው ሞኝነት ይገረሙ ነበር።

አንድ ቀን ግራዝማች እንግዶቻቸውን ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት ይዘው መጡ። ፊልሙ ሊያበቃ ሲል ንግግር ሊያደርጉ ተነስተው ሸራው ፊት ቆሙ። የቆረጥኩት ቦታ ደረሰ፤ ፊልሙ አለቀ፣ የማሽኑ መብራት ግን እንደበራ ነው። ነጭ ብርሃን ፊታቸው ላይ ወደቀ። ዓይናቸውን ለመከለል እጃቸውን ሲያነሱ ጥላቸው ከነጥፍሩ ሸራውን ሞላው።

ከኋላ አንድ ሰው እንደ ዶሮ ጮኸ። ጅግሶ ይመስለኛል። ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ ጮኸ። ታፈሰ ሥራ ሥራ ነውና ዘንጉን ወደ ግራዝማች ጥላ ዘርግቶ ተረጎመ።

"ነጋ።"

ግራዝማች አጥፋው ይሉኛል፣ ጩኸቱ ድምፃቸውን ውጦታል። እኔም አልሰማሁም። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እንግዶቹ እየተንጠራሩ ያዩ ነበር፤ አንደኛው በመሀረብ አፉን ይዞ ይስቃል።

ሳምንቱ ሳያልቅ አዳራሹ ቡና ተሞላ። ታፈሰ ይርጋጨፌ ሄዶ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆነ። እኔ ሌላ ከተማ ሌላ ማሽን እስካገኝ የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ። ግራዝማች በዲላ ገበያ ሲያልፉ ግን ከየት እንደሆነ የማይታወቅ ዶሮ በቀትር ይጮኽ ነበር አሉ።

ለወጣት ኦፕሬተሮች የምለው ይኸው ነው። የፊልም መጨረሻ ቁረጡ ከተባላችሁ፣ ሰው ሳያየው ቁረጡት። ከታየ በኋላ መቀስ አይሠራም።